የሰኞ፣ የረቡዕና የዓርብ ብክነት

ሥርጉት ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለችው በሐምሌ ሦስተኛው ሳምንት፣ የአሥራ አምስት ቀኑን ውጤት በአንድ ገጽ ላይ ስታሰናዳ ነው። ቁጥሮቹን በየቀናቸው ደርድራ ከላይ ወደ ታች ስታያቸው በሁለት ወገን ተከፈሉባት። ማክሰኞና ሐሙስ የተለካው ብክነት ከሺህ ሁለት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የተለካው ከሺህ ስድስት፤ አንድ ዓርብማ ሰባት ደርሷል። የተለካው ዕቃ ግን አንድ ነው። ክፍሉም አንድ ነው።

መሣሪያ የሳምንቱን ቀን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሰው ነው። ማክሰኞና ሐሙስ የምትለካው ራሷ ነበረች። በቀሩት ሦስት ቀናት የሚለካው አብዱልሀፊዝ ነው።

ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ፣ ድሮ የሱፍ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ የተቋቋመ የመለኪያ ማዕከል አለ፤ ሥርጉት እዚያ የማይክሮዌቭ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ሥራቸው ባሕር ማዶ ለሚገነባ አንድ ትልቅ ማሽን ነው። ማሽኑ ፀሐይ እንደምታደርገው ቀላል አተሞችን አዋህዶ ኃይል እንዲያወጣ የታሰበ ነው። ውህደቱ እንዲጀምር በውስጡ ያለው ጋዝ፣ ፕላዝማ የሚሉት፣ ከፀሐይ እምብርት በላይ መጋል አለበት። የሚያግሉትም በማይክሮዌቭ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ምግብ በሚያሞቀው ዓይነት ሞገድ፣ ግን በአንድ ሚሊዮን ዋት። ሞገዱ ከሚመነጭበት ክፍል እስከ ማሽኑ ድረስ በረጅም ቱቦ ይጓዛል። ቱቦው በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ «ክርን» የሚሉት ዕቃ አለ። በክርኑ ውስጥ እንደ መስታወት የተወለወለ የመዳብ ሳህን ሞገዱን ተቀብሎ ወደ አዲሱ አቅጣጫ ይመልሰዋል። ሲመልሰው ትንሽ ይበላል። ከሺህ ሁለት ቢበላ ሁለት ሺህ ዋት ነው፤ በጀርባው ቀዝቃዛ ውኃ ስለሚያልፍ ይችለዋል። ከሺህ ስድስት ከበላ ግን ይጣመማል፣ ማሽኑም ይቆማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክርን ከመተከሉ በፊት በትንሽ ሞገድ ይፈተሻል። ከወዲህ ስንት ገባ፣ ከወዲያ ስንት ወጣ፤ የጎደለው ብክነት ይባላል።

ደብረ ብርሃን የተመረጠው ለአየሩ ነው። እንፋሎት ያንን ሞገድ ይጠጣዋል። የደጋ አየር ደግሞ ከብርዱ የተነሣ እንፋሎት የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው፤ ክረምትም ቢሆን ወደ ክፍሉ ገብቶ ሃያ አራት ዲግሪ ሲሞቅ ደረቅ ይሆናል። ማሞቂያዎቹ ሌት ተቀን አይጠፉም። በከተማው ውስጥ በሐምሌ ያን ያህል የሚሞቅ ክፍል ብዙ አልነበረም።

ውጤቱን በላከች በሦስተኛው ቀን ከማሽኑ ሰዎች መልስ መጣ። አጭር ነበር። ያው ክርን እነርሱ ዘንድ ሲለካ ከሺህ ሁለት ነበር፤ እናንተ ዘንድ ምን ሆነ? መጨረሻው ላይ አንድ ጥያቄ ነበረበት፦ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን የሚገባው ማን ነው?

ዶክተር ፍቅረ ማርያም፣ የማዕከሉ ዳይሬክተር፣ ደብዳቤውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሥርጉት፣ ይሄ ጥያቄ የቴክኒክ ጥያቄ አይደለም።»

«ገብቶኛል ዶክተር።»

«እስከ ነሐሴ መጨረሻ መልስ ካልሰጠን ክርኑንም ሥራውንም ይወስዱታል። በታኅሣሥ ለተከላ አንድ ሰው እንልካለን ያልነውም ይቀራል።»

ለዚያ አንድ ቦታ ያመለከቱት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እሷና አብዱልሀፊዝ። የልኬቱ ኃላፊ እሷ በመሆኗ ቅድሚያው የእሷ ነበር። ልኬቷ ተበላሽቶ ከተገኘስ? ከዳይሬክተሩ ቢሮ ወጥታ ኮሪደሩን ስትሻገር ይህን አሰበች፤ ካሰበችው በኋላ ደግሞ ልትተወው አልቻለችም።

አብዱልሀፊዝ የአልዩ አምባ ልጅ ነው። አባቱ ከአንኮበር ቁልቁል ቆላው ጫፍ ላይ ሱቅ የነበራቸው ነጋዴ ነበሩ። እሱ ግን ከሱቅ ይልቅ ሬዲዮ መፍታት ይቀናው ነበር፤ ማዕከሉ ሲቋቋም ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። እጁ ጥሩ ነው። ሥርጉት የፈታችውን ነገር እሱ ሲገጥመው ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ለማዕከሉ ቅርብ የሆነ ቤት ስለተከራየ፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በጠዋት የሚከፍተው እሱ ነው። በእነዚህ ቀናት ሥርጉት ለክረምት ትምህርት የሚመጡ መምህራንን ታስተምርና ከምሳ በኋላ ትመጣለች። ልኬቱ ግን ሦስት ሰዓት ላይ ይወሰዳል፤ እሷ ስትደርስ ቅጹ ተሞልቶ ይጠብቃታል። ታይና ትፈርማለች።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጠየቀችው።

«አብዱልሀፊዝ፣ የዛሬው አልበዛብህም?»

«በዛ። ስድስት ነጥብ አንድ። ደገምኩት፣ ያው መጣ።»

«የደገምከው የት አለ?»

«አልጻፍኩትም።»

«የሚደገም ሁሉ ይጻፋል አልተባባልንም?»

«ያው ስለሆነ ነዋ።» ከጠረጴዛው ሥር ያለውን መሳቢያ በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው፣ ቆለፈው፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። በስድስት ዓመት መሳቢያውን ሲቆልፍ አይታው አታውቅም። «አንቺ ዘንድ ግን ሁልጊዜ ሁለት ነው የሚመጣው» አላት ቀና ብሎ። «አንድም ቀን ሦስት መጥቶብሽ አያውቅም?»

«ምን ለማለት ነው?»

«ምንም። ጠየቅኩ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትከታተለው ጀመር። ስልኩ ሲጠራ ተነሥቶ ይወጣል። በመስኮቱ በኩል ስታየው ዝናብ ባለበት እንኳ ቆርቆሮው ጥግ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። አንድ ጊዜ በሩን ስትከፍት «እሷ እንዳታውቅ ብቻ» ሲል ሰማችው። ሲያያት ስልኩን ዘጋው።

ሥርጉት ቤቷ ወስዳ የሐምሌን ቅጾች አንድ በአንድ አየቻቸው። በቅጹ ላይ ከብክነቱ ሌላ የክፍሉ ሙቀት፣ የውኃው ሙቀት፣ የአየሩ እርጥበት ይሞላል። ጣቷ እርጥበቱ ላይ ቆመ። አርባ አንድ። በቀጣዩም አርባ አንድ። በዚያ ወር አብዱልሀፊዝ በሞላው ቅጽ ሁሉ ከመቶ አርባ አንድ። እሷ በሞላችው ላይስ? ለካ እርጥበቱን በሁሉም ቀናት አስቀድሞ የሚጽፍላት እሱ ነው፤ የሳምንቱን ቅጾች ሰኞ ሲያዘጋጅ አብሮ ይሞላዋል። እዚያም አርባ አንድ። ከሥሩ የእሷ ፊርማ አለ።

አየር ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቁጥር ላይ አይቆምም። አንዱን ቁጥር የፈጠረ ሰው ሌላውን ለመፍጠር ምን ያግደዋል? ትልቅ ብክነት ጽፎ፣ ኃላፊዋን አሳጥቶ፣ ከዚያ «ስህተቱን አገኘሁት» ብሎ ብቅ ማለት ቀላል ነው። እሁድን በዚህ አሳለፈች። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላ ደብዳቤ ጻፈች። «የቴክኒክ ባለሙያው ውጤቶችን ሆን ብሎ እየለወጠ እንደሆነ የሚያሳምን ምክንያት ስላለኝ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ከክፍሉ እንዲነሣ እጠይቃለሁ።» «የሚያሳምን» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዛ ሁለት ጊዜ መለሰችው። ሰኞ ለዳይሬክተሩ ጸሐፊ ሰጠች።

ዳይሬክተሩ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደው ነበር፤ የሚመለሱት ዓርብ ነው። ሥርጉት እስከዚያ እጅ ከፍንጅ ልትይዘው አሰበች። ረቡዕ የጠዋት ትምህርቷን ለሌላ መምህር ሰጥታ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በባጃጅ ወደ ማዕከሉ ሄደች። ጉም ነበር። ባጃጁን ከአጥሩ ማዶ አቁማ ጠበቀች። ብዙም ሳይቆይ አብዱልሀፊዝ የካፖርቱን ኮሌታ አቁሞ ከበሩ ወጣና ወደ ቁርስ ቤቶቹ ሄደ። በሩን ከፍቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ ወጣ ማለት ነው አለች በልቧ። አሁን የነካውን ታገኘዋለች።

ዘበኛውን ሰላም ብላ አለፈች። የክፍሉን በር ስትከፍት የመታት ሽታ ነው፤ የእርጥብ ሱፍ ሽታ።

በሦስቱ ማሞቂያዎች ላይ አራት ብርድ ልብስ ተዘርግቷል። ቱቦውን በሚሸከመው ብረት ላይ የሕፃን ሹራብና ካልሲ ተንጠልጥሏል። መሐል ላይ መጥረጊያ ይዛ የቆመችው ፋንቱ ነበረች፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ያንን ክፍል የምታጸዳው ሴት።

«እትዬ ሥርጉት» አለች ፋንቱ። መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፋ ብርድ ልብሶቹን መሰብሰብ ጀመረች። «አሁን አነሳዋለሁ። አሁን።»

«ቆይ፣ ተይው። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሐምሌ ከባተ ወዲህ።»

«ሁልጊዜ?»

«እዚህ በምገባበት ቀን ብቻ። በሁለት ሰዓት ተኩል አጥፌ በቆሻሻው ከረጢት እወስደዋለሁ። እቃ አልነካም፣ ማርያምን። ልጅቱ ናት...» ቆም አለች። «አምስት ዓመቷ ነው። ሁለት ጊዜ ሳንባ ምች ያዛት። ሐኪሙ እርጥብ ላይ እንዳትተኛ አለኝ። ሸራው ያፈሳል። የት ላድርቀው?»

ፋንቱ ከሦስት ዓመት በፊት ከምዕራብ ኦሮሚያ ተፈናቅላ የመጣች ናት። በቆሎና ቡና የነበራት ገበሬ ነበረች፤ አሁን ከልጇ ጋር በተፈናቃዮች መጠለያ ሸራ ሥር ትኖራለች። ሥርጉት ይህን የምታውቀው እንዲሁ በወሬ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ከእሷ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግራ አታውቅም።

«አራቱም ያንቺ ናቸው?»

«አንዱ የእኔ ነው። የቀሩት የጎረቤቶቼ ናቸው። ተራ አለን።»

ሥርጉት ቱቦው ጋ ሄዳ ክርኑን ተመለከተች። በቱቦው ውስጥ ሙቀቱ እኩል እንዲሆን ትንሽ ማራገቢያ የክፍሉን አየር እየሳበ ያሳልፋል። ሳህኑን ደግሞ ከጀርባው አሥራ ሦስት ዲግሪ የሆነ ውኃ ያቀዘቅዘዋል። የመፈተሻውን ክዳን በመፍቻ ከፍታ የስልኳን መብራት አስገባች። እንደ መስታወት የሚያበራው መዳብ ደብዝዟል፤ ሰው ቀርቦ የተነፈሰበት ይመስላል። በጣቷ ጫፍ ነካችው። ጣቷ ረጠበ።

ፋንቱ ከኋላዋ ቀርባ አንገቷን አስግጋ አየች።

«ጤዛ ያዘው» አለች።

«አዎ።»

«ከብርድ ልብሱ የወጣው ነው?»

«አዎ። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ እዚህ ይቀመጣል። የምንልከውን ሞገድ ይጠጣብናል።»

ፋንቱ ከክርኑ ራቅ አለች። «ሰሞኑን ከአብዱልሀፊዝ ጋር የተኳረፋችሁት በዚህ ነው?»

«ያውቃል እሱ?»

«አያውቅም። ከፍቶልኝ ቁርሱን ሊበላ ይሄዳል። አንድ ቀን ቶሎ ተመልሶ የልጅቱን ሹራብ አይቶ ነበር። ምንም አላለኝም፤ ዞር ብሎ ሄደ።»

ሥርጉት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሦስት ሳምንት እንቆቅልሽ ተፈቶላት ልትደሰት ይገባ ነበር። የታያት ግን ደብዳቤው ነው። ተነሥታ ወደ ጸሐፊዋ ቢሮ ሄደች፤ ሥራ እስክትገባ ድረስ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ሰኞ የሰጠሁሽን ደብዳቤ መልሽልኝ።»

«መዝገብ ቤት ገብቷል እኮ» አለች ጸሐፊዋ። «ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ዶክተር ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ከመዝገብ የገባ ደብዳቤ አይወጣም።»

በማግሥቱ ሐሙስ የልኬቱ ተራ የሥርጉት ነበር። ፋንቱን አስጠራቻት። ፋንቱ የምትባረር መስሏት የሥራ ልብሷን አጥፋ በእጇ ይዛ መጣች።

«አንድ ብርድ ልብስ አርጥበሽ አምጪልኝ።»

«ምን?»

«እንደ ሁልጊዜው አድርገሽ ስቀይው። ላየው ነው።»

ፋንቱ ትርፍ ብርድ ልብስ ስላልነበራት ሥርጉት ከቤቷ ያመጣችውን በውኃ ነክረው ጨምቀው ሰቀሉት። ሥርጉት በየሃያ ደቂቃው ለካች። ሁለት ነጥብ አንድ። ሁለት ነጥብ ሦስት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አራት አለፈ። ከዚያ አምስት ነጥብ ስምንት። ብርድ ልብሱን አውጥተው መስኮት ሲከፍቱ ቀስ እያለ ወረደ፤ ከምሳ በኋላ ወደ ሁለት ተመለሰ። ሥርጉት ቁጥሩን ስትናገር ፋንቱ ሰዓቱን እያየች ትነግራት ነበር። አብዱልሀፊዝ በሩ ላይ መጥቶ ቆሞ አያቸው፣ የተሰቀለውን አየ፣ ሳይገባ ተመለሰ። ሥርጉት ልትጠራው አፏን ከፍታ ነበር። ምን ብላ እንደምትጀምር አላወቀችም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ሁለቱንም ጠሯቸው። ሥርጉት ቀድማ ገብታ የሐሙሱን ውጤት አስረዳቻቸውና ደብዳቤዋን እንዲተዉላት ለመነቻቸው።

«ያገኘሽው ግሩም ነው» አሉ ዶክተር ፍቅረ ማርያም። «ግን ክስ በጽሑፍ ቀርቦልኛል። ተከሳሹ ሳያየው ብዘጋው ነገ ሌላ ነገር ይሆንብኛል።»

አብዱልሀፊዝ ገብቶ ሲቀመጥ ወረቀቱን ገፋ አደረጉለት። አነበበው። እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበው። ከዚያ ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የእርጥበት መለኪያው ነበር፤ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ መርፌው አርባ አንድ ላይ ቆሟል።

«ሰኔ መጨረሻ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «እንዲህ ዓይነቱ እዚህ አይገኝም። በአዲስ አበባ ጓደኛዬ በኩል በራሴ አስመጥቼ ልተካው ነበር። እስከዚያ የቆመበትን ጻፍኩ። ይሄ ጥፋቴ ነው። ብክነቱን ግን እንዳየሁት ነው የጻፍኩት። ወላሂ፣ አንድ ቁጥር አልነካሁም።»

«አውቃለሁ» አለች ሥርጉት። «ከረቡዕ ጀምሮ አውቄያለሁ።»

«ደብዳቤው የተጻፈው መቼ ነው?»

«እሁድ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔም ጠርጥሬሽ ነበር» አላት። «ባንቺ ቀን ሁልጊዜ ሁለት ሲሆን፣ ለታኅሣሡ ጉዞ ብላ ቁጥሩን እያሳመረች ነው አልኩ። ጽፌም ነበር፣ ልክ እንዳንቺ። ሁለት ሳምንት በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ስድስት ዓመት አብራኝ የሠራች ሰው ናት እያልኩ መስጠት አቃተኝ።»

ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ብርድ ልብሱን ያስገባው ማን ነው? ሪፖርቱ ላይ ምክንያቱ መጻፍ አለበት።»

ሥርጉት የፋንቱን ስም ካልተናገረች ጥርጣሬው አብዱልሀፊዝ ላይ እንደሚቀር አየች፤ ከተናገረች ደግሞ ፋንቱ ሥራዋን ታጣለች።

«ፋንቱ ናት» አለች በመጨረሻ። «ግን እንዳታስገባ የነገራት ሰው የለም። እርጥበት ምን እንደሚያደርግ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የቆመውን መርፌ ሳላይ ሦስት ሳምንት የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ሰው የሚቀጣ ከሆነ ከእኔ ይጀመር።»

አልተጀመረም። አብዱልሀፊዝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ለሥርጉት በቃል ተነገራት። ፋንቱን የቀጠረው ድርጅት ሌላ ሰው ሊልክ ነበር፤ ሥርጉት ሦስት ጊዜ ተመላልሳ፣ ክፍሉ ውስጥ ሳትገባ ቢሮዎቹን ብቻ እንድታጸዳ አስፈቀደችላት። የውኃ ማቀዝቀዣው ማሽን ከሕንፃው ጀርባ ቀኑን ሙሉ ሙቅ አየር ይተፋል፤ እዚያ ከጣሪያው ሥር ሽቦ አስወጠረች። ፋንቱ መጀመሪያ አላመነችውም፤ ሊይዟት የተዘጋጀ ነገር መሰላት። ሳምንት ያህል ባዶውን ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ብርድ ልብስ ታየበት፣ በማግሥቱ ሦስት።

ሪፖርቱ ተላከ። የማሽኑ ሰዎች አመሰገኑ፣ በሌሎች ቦታዎችም የሳህኑ ጤዛ እንዲፈተሽ አዘዙ። ክርኑ ከሺህ ሁለት ነጥብ አንድ ተብሎ በነሐሴ መጨረሻ ታሽጎ ሄደ። አብዱልሀፊዝ በዚያው ሳምንት ሥራውን ለቀቀ። ደብዳቤው ላይ «በግል ምክንያት» ይላል። የክፍሉን ቁልፍ ለዘበኛው ሰጥቶ ነው የሄደው፤ ለሥርጉት አልሰጣትም።

መስከረምን ሙሉ ስልክ ደወለችለት፤ አያነሳም። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ አንኮበር ወጣች፤ ከዚያ የጭነት አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ሆና ቁልቁለቱን ወደ አልዩ አምባ ወረደች። ሽማግሌ መላክ ትችል ነበር። የእሷን ጥፋት ሌላ ሰው ሲያስረዳላት መስማት ግን አልፈለገችም። በየመታጠፊያው አየሩ እየሞቀ ሄደ፤ ካፖርቷን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

እናቱ ወይዘሮ ረሒማ በሱቁ በረንዳ ላይ ሽንኩርት እየመረጡ ነበር። ስሟን ስትነግራቸው ፊታቸው በራ።

«ሥርጉት! አልሐምዱሊላህ! ስምሽን ስንት ዓመት ሰማነው። ግቢ ልጄ፣ ግቢ። እሱ የውኃ ሞተር ሊጠግን ወርዷል፣ አሁን ይመጣል። ልትመልሺው ነው የመጣሽው? ውል አለቀ ብሎ ሲመጣ እኔ አላመንኩም ነበር።»

ሥርጉት ቆማ ቀረች። ውል አለቀ ነው ያላቸው። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም ነበር። ግን ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችው ለመናገር ነው፤ ተናገረች።

«ውሉ አላለቀም፣ እማማ። ቁጥር ይለውጣል ብዬ ከስሼው ነው። በሐሰት። እሱ ምንም አላጠፋም።»

ወይዘሮ ረሒማ ሽንኩርቱን ቀስ ብለው ወደ ሰፌዱ መለሱት። «ሌባ አልሽው?» አሉ።

«አዎ። እንደዚያ እንደማለት ነው።»

አሮጊቷ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ቆይተው ውኃና አንድ ሳህን የተላጠ ማንጎ ይዘው መጡ፣ ፊቷ አስቀምጠው ወደ ውስጥ ተመለሱ። ሥርጉት አልነካችውም።

አብዱልሀፊዝ እጁ ዘይት እንደነካው መጣ። ሲያያት አልተቆጣም፤ እናቱ ወዳሉበት ክፍል ግን አሻግሮ ተመለከተ፣ ዝምታውን አዳመጠ።

«ነገርሻት?»

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ደብቄ እንዴት...»

«እኔን ልትጠይቂ ነው የመጣሽው፣ እሷን ለምን?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁለት ወር ሙሉ ጠብቄያት ነበር። አባቴ የሞተው እንደዚህ ባለ ነገር ነው፤ የሰው ሸቀጥ ሰረቀ ብለውት፣ ነፃ ነው ተብሎ እንኳ ከቤት ሳይወጣ ሞተ። እሷ አሁን ሌሊቱን ሙሉ ያንን ነው የምታስበው።»

«አላወቅኩም» አለች ሥርጉት። «ወላሂ» ብላ ልትጨምር ነበር፤ የእሷ ቃል አልመስል ብሏት ተወችው።

ቆይቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «ይቅር ብዬሻለሁ» አለ። «ከልቤ ነው። ግን አልመለስም። እዚያ ክፍል ውስጥ አሁን ብገባ፣ አንቺ እጄን ታያለሽ፣ እኔ ደግሞ ዓይንሽን። እንዲህ ሆነን እንዴት እንለካለን?»

እሷም እውነቱን እንደሆነ አወቀች። ከእሱ በኋላ የመጣው አዲሱ ባለሙያ የሞላውን ቅጽ በየቀኑ ከመሣሪያው ጋር እያስተያየች፣ እሱ ሲወጣ ደግሞ ተመልሳ እንደምታየው ልትነግረው ፈልጋ ነበር። አልነገረችውም።

መኪናው ድረስ ሸኛት። ሊነሳ ሲል ወይዘሮ ረሒማ ከሱቁ ወጥተው ቀስ እያሉ መጡና በመስኮቱ በኩል አንድ ፌስታል ማንጎ ጉልበቷ ላይ አስቀመጡላት። ፊቷን አላዩም። «መንገዱ ሩቅ ነው» አሉ፤ ዞረውም ሄዱ።

አይሱዙው አቀበቱን ጀመረ። ሥርጉት ፌስታሉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ይህ ይቅርታ ይሁን ወይስ እንግዳን ባዶ እጅ አለመስደድ ብቻ፣ እስከ አንኮበር ድረስ ስታስብ ሄደች። ልትጠይቃቸው የምትችልበት ጊዜ አልፏል።